ቀይ አይታ አልሄድም ያለችው መኪና

ተረት ተረት ልላችሁ ነው፤ እናንተ ግን የለመዳችሁትን የላም በረት ዛሬ ተዉትና የመኪና በረት በሉኝ። በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። መኪና አለች፤ መብራት አለ፤ አንድ ረጅም መሰላል አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን እትዬ አጸደ አሉ።

እትዬ አጸደ አዳማ ውስጥ ሾላ ሥር በሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቷቸው እንኳ ጭፈራ ያልተዉ ሴት ናቸው። ባለመተዋቸው ነው ጉድ የሆኑት። ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ትርሲት ልታገባ አሥር ቀን ሲቀራት፣ ለሰርጉ ወገቤን ላፍታታ ብለው ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን እስክስታ ሲለማመዱ ምንጣፉ አንሸራተታቸውና ቀኝ እግራቸው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን በጀሶ ጠቀለሉላቸው። እትዬ አጸደ አሥሩን ቀን ሙሉ ሐኪም በመጣ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእሑድ ትለቁኛላችሁ ወይ የሚል። እሑድ አምስት ሰዓት ላይ ለቀቋቸው።

የሚፈልጉት ትንሽ ነገር ነው። ትርሲት ከቤት ሳትወጣ መድረስ፣ ጉልበታቸውን ስትስም መርቀው መሸኘት፣ በቃ ይኸው ነው። ትርሲት እናቷ የሞተችባት በአራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ያበሏት፣ ያለበሷት፣ የተቆጧት እትዬ አጸደ ናቸው። የራሳቸው ልጅ የላቸውም፤ ትርሲት ትበቃኛለች ብለው ኖረዋል። ሙሽራው ሰባት ሰዓት ላይ ሊወስዳት ይመጣል፤ ከዚያ በቀጥታ ጉዞው ወደ ሐዋሳ ነው። ታዲያ ልጅቷ የማንንም ጉልበት ሳትስም ልትሄድ ነው? 

ሊወስዳቸው የመጣው ታናሽ ወንድማቸው ጌጡ ነው። ጌጡ ሃያ ስድስት ዓመት አሮጌ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ ከሦስት ሳምንት በፊት የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ሦስት ሰዎች ተጋግዘው እትዬ አጸደን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ጀርባቸውን አንደኛው በር ላይ አስደግፈው፣ ጀሶውን ወደ ሌላኛው ዘርግተው ወንበሩን ሞሉት። ጌጡ ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ ስለ መኪናዋ ሰበከላቸው። ከፊት መስታወቷ ጀርባ ካሜራ አላት፤ እሱ ዓይኗ ነው የሚለው። ሰው ድንገት መንገድ ከገባ በዓይኗ ታያለች፤ ነጂው ቢዘናጋ እንኳ ራሷ ፍሬን ትይዛለች። የትራፊክ መብራት ቀይ ከሆነም ታያለች፤ ነጂው ልጣሰው ቢል አታስጥሰውም። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ኳሱን ተከትሎ ሲገባ እግሬ ፍሬኑ ላይ ሳይደርስ ቆመችልኝ ብሎ ሲነግራቸው፣ እትዬ አጸደ ዕድሜ ይስጣት አሉ። ለመኪና ዕድሜ አይለመንም ብሎ ያረማቸው አልነበረም።

እንዲህ እየተጨዋወቱ ሾላ ሥር መስቀለኛው ጋ ደረሱ። በገዛ ደጃቸው የተተከለው ድንኳን ከማዶ ወለል ብሎ ይታያል፤ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ሙዚቃው እዚህ ድረስ ይሰማል። መንገዱ በግራ በኩል ለቱቦ ተቆፍሮ አንድ መኪና ብቻ ያሳልፋል፤ ከፊታቸው ከፍ ብሎ የተሰቀለው መብራት ደግሞ ቀይ ነው። ጌጡ ቆመ።

ያ መብራት ግን ከጠዋት ጀምሮ ቀይ ላይ ደርቆ የቀረ መብራት ነበር። ለዚህ ነው ሳጅን በዳዳ መሀል መንገድ ቆሞ በእጁ የሚያሳልፈው። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ እለፍ ካለ መብራት አይታይም፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ባለ ባጃጁ ያውቀዋል፤ ባለ ሲኖትራኩ ያውቀዋል፤ የጋሪ ፈረሱ ሳይቀር ያውቀዋል። የጌጡ መኪና ግን አታውቀውም። እሷን ስለ መብራት እንጂ ስለ ሳጅን በዳዳ እጅ ያስተማራት የለም።

ሳጅን በዳዳ እለፍ አለ። ጌጡ ፔዳሉን ረገጠ። መኪናዋ አንድ ስንዝር ሄደችና ገጭ ብላ ቆመች። ስክሪኑ ላይ ቀይ ክብ በራ፤ አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገረች። ጌጡ ደግሞ ረገጠ፤ ደግሞ ስንዝር፣ ደግሞ ገጭ፣ ደግሞ ቻይንኛ። እትዬ አጸደ ምን እያለች ነው ብለው ጠየቁት። ቀይ ነው እያለች ይመስለኛል አላቸው። ቀይ መሆኑንማ እኔም አያለሁ አሉ።

ሳጅን በዳዳ ቅር ብሎት ወደ መኪናዋ መጣ። ጌጡ ስለ ዓይኗ ሲያስረዳው አንገቱን ዝቅ አድርጎ መስታወቱን በትኩረት አየ።

«ሃያ ሁለት ዓመት መንገድ ላይ ቆሜያለሁ» አለ፤ «እጄን የናቀ ሰው ገጥሞኝ ያውቃል፤ እጄን የናቀ መኪና ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

መቅጫ ደብተሩን አወጣ። ፖሊስን አለመታዘዝ ጥፋት ነው፤ ቀይ መጣስም ጥፋት ነው። ነጂው ታዟል፣ መኪናዋ ደግሞ ቀይ አልጣሰችም። የማንን ስም እንደሚጽፍ ትንሽ አሰበና ደብተሩን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ያልተሞከረ ነገር የለም። ጌጡ አጥፍቶ አስነሳት፤ ስትነሳ መጀመሪያ ያየችው ያንኑ ቀይ ነው። ዓይኗን በመሀረብ ሸፈነው፤ ስክሪኑ ላይ የተሰረዘ ዓይን ሥዕል መጣና ጭራሽ ስንዝሯንም ከለከለችው። በሌላ መንገድ ልዙር ብሎ ወደ ኋላ ሊመልሳት ቢሞክርም፣ አራት ባለ ባጃጆች ቢገፏትም ጎማዋን ቆልፋ ተቸነከረች። መመሪያው በቻይንኛ ነው፤ የሻጩ ስልክ እሑድ ስለሆነ አይሠራም፤ ሰርግ ቤት ቢደወል በሙዚቃው ብዛት የሚሰማ የለም። በመጨረሻ ሳጅን በዳዳ ከዚህ ክሊኒክ ቃሬዛ አስመጥቼ እናድርስዎት እማማ አላቸው።

«ሰርግ ቤት በቃሬዛ አልገባም» አሉ እትዬ አጸደ። «ሙሽራ ከምትወጣበት በር ቃሬዛ ሲገባ የት አይተሃል ልጄ? በዚህችው መኪና ደጄ ድረስ እገባለሁ፤ ወይ አልገባም።»

እትዬ አጸደ አንዴ አልኩ ካሉ አሉ ነው። እናም መኪናዋ ቀይ እያየሁ አልሄድም አለች፤ እትዬ አጸደም እግራቸውን እንደዘረጉ መንገድ ላይ ቀሩ።

ጌጡ ወረደና መብራቱን ከሥር ቆሞ ለመነው ማለት ይቻላል። እባክህ አረንጓዴ ሁን ያለው ይመስለኛል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እትዬ አጸደ በመስታወቱ አይተዋል። አንዱ ባለ ባጃጅ በጆንያ እንሸፍነው አለ፤ ማን ይድረስበት፤ መብራቱ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ነው። መቆጣጠሪያ ሳጥኑም ምሰሶው አናት ላይ ነው ያለው። መብራቱ ካልነኩኝ አልለወጥም አለ፤ መኪናዋ ቀይ እያየሁ አልሄድም አለች፤ እትዬ አጸደም እግራቸውን እንደዘረጉ መንገድ ላይ ቀሩ።

ሳጅን በዳዳ መብራቱን ሊሠራ የመጣ ባለሙያ እንዳለ ነገራቸው። እውነትም ሰብስቤ የሚባል ሰው ከሾላው ጥላ ሥር የዕቃ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሏል፤ የመቆጣጠሪያው ቁልፍ በጣቱ ላይ ይሽከረከራል። ለምን አትሠራውም አለው ጌጡ። ሰብስቤ ቁልፉ አለኝ፣ እጄም ደኅና ነው፣ መሰላል ግን የለኝም አለ። የታለ መሰላልህ ሲባል ወደ ድንኳኑ አመለከተ። ለካ ሰፈርተኛው ሁሉ ለትርሲት ሰርግ ያለውን ሲያዋጣ፣ አንዱ ድስት ሌላው አግዳሚ ሲያመጣ፣ ሰብስቤ ረጅሙን መሰላሉን አውሷል። ሂድና አምጣው አለው ጌጡ። ሰብስቤ ደነገጠ። ለሰርግ ያዋሱትን ዕቃ ድንኳን ሳይፈርስ መጠየቅ እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ፣ እሱ ይህን ቢያደርግ ሚስቱ ቤት እንደማታስገባው ዘርዝሮ አስረዳው። አንተ የቤቱ ሰው ነህ፣ አንተ ጠይቅ አለው። ጌጡ ተመልሶ ለእህቱ በመስኮት ነገራቸው፤ ሰብስቤ ያለ መሰላል አልወጣም አለ፤ መብራቱ ካልነኩኝ አልለወጥም አለ፤ መኪናዋ ቀይ እያየሁ አልሄድም አለች፤ አንቺም እትዬ እግርሽን እንደዘረጋሽ መንገድ ላይ ቀረሽ።

«እኔን ተወኝና መሰላሉን አምጣ» አሉት።

ጌጡ ሮጠ። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ አዲስ ሱፍ ለብሷል፤ ጫማውም አዲስ ነው። እትዬ አጸደ ድንኳኑ ሲውጠው አዩ፤ ቆይቶም ሲተፋው አዩ። ባዶ እጁን ነው። ሳጅን በዳዳ ፀሐዩ እንዳይመታቸው ጥላው በመስኮቱ በኩል እንዲያርፍባቸው አድርጎ ቆሟል፤ የኋላዎቹን መኪኖች በሌላ መንገድ ሸኝቷቸዋል።

መሰላሉ ላይ ያሉት ድንኳን ተካዩ ጋሽ ናስር ናቸው አለ ጌጡ እያለከለከ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ላይ ናቸው። በአንድ እጃቸው የሙሽሮቹ መጋረጃ የሚሰቀልበትን ብረት ደግፈዋል፤ ከለቀቁት ብረቱ የሙሽሮቹ ወንበር ላይ ይወድቃል። ምሳቸውን እንኳ በእንጨት ጫፍ አቀብለዋቸው ነው የበሉት። ጋሽ ናስር መጋረጃው ሳይሰቀል አልወርድም አሉ፤ ሰብስቤ ያለ መሰላል አልወጣም አለ፤ መብራቱ ካልነኩኝ አልለወጥም አለ፤ መኪናዋ ቀይ እያየሁ አልሄድም አለች፤ እትዬ አጸደም እግራቸውን እንደዘረጉ መንገድ ላይ ቀሩ።

መጋረጃውን ታዲያ ማን ያዘው ብለው ጠየቁ እትዬ አጸደ። ጌጡ ይህን መጠየቅ ረስቶ ነበር የመጣው። ዞሮ ሮጠ።

ሁለተኛ ሲመለስ ከረባቱ ትከሻው ላይ ነበር። መጋረጃው ያለው ዲኮሯን በምትሠራው በማህደር እጅ ነው። መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ መጋረጃውን ጭኗ ላይ ከምራ፣ ባዶውን የሙሽራ ወንበር እያየች ተቀምጣለች። የመጋረጃው ቅስት ከሙሽራዋ ዘውድ አንድ ጋት ከፍ ማለት አለበት፤ ይህን ደግሞ የምታውቀው ሙሽራዋ ተቀምጣ ስትለካት ብቻ ነው። ባለፈው ወር በግምት ሰቅላ አንዲት ሙሽራ ሙሉ ቀን አንገቷን ደፍታ ፎቶ ተነሥታለች፤ ያን ሁለተኛ አልደግመውም ብላ ምላለች። ማህደር ሙሽራዋ ካልተቀመጠች አልሰጥም አለች፤ ጋሽ ናስር መጋረጃው ሳይሰቀል አልወርድም አሉ፤ ሰብስቤ ያለ መሰላል አልወጣም አለ፤ መብራቱ ካልነኩኝ አልለወጥም አለ፤ መኪናዋ ቀይ እያየሁ አልሄድም አለች፤ እትዬ አጸደም እግራቸውን እንደዘረጉ መንገድ ላይ ቀሩ። በዚህ ጊዜ ሳጅን በዳዳ ነገሩን በቃሉ ይዞት ስለነበር ከመብራቱ ጀምሮ ያለውን ከጌጡ ጋር አብሮ ነው ያለው።

ታዲያ ለምን አትቀመጥም አሉ እትዬ አጸደ። መቀመጥ ምን ያስቸግራታል? ከልጅነቷ ጀምሮ ወንበር ላይ ዘጭ ስትል አይደለም እንዴ የምቆጣት? ጌጡ ፊቱን በመሀረቡ ጠረገና ሦስተኛ ሄደ። አሁን አይሮጥም፤ ፈጠን ፈጠን እያለ ነው የሚራመደው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሲመለስ የመኪናዋን ጣሪያ ተደግፎ ወደ ውስጥ አየ። እትዬ አጸደ ምን ሆነች፣ ታመመች እንዴ ብለው ደነገጡ። አልታመመችም አለ ጌጡ። ለብሳ፣ ተኳኩላ፣ ዘውዷን ደፍታ ጓዳ ውስጥ ቆማለች፤ ሚዜዎቿ ለመኗት፣ ጎረቤት ለመናት፣ እሱም ለመናት። እትዬ ሳትመጣ የሙሽራ ወንበር ላይ አልወጣም፤ ጉልበቷን ሳልስም ማንም ሙሽራ አይበለኝ ብላለች። ለምን እንደዘገዩ ሊያስረዳት ሞክሮ ነበር፤ የመኪናዋ ዓይን ላይ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ስለሳቀ አልጨረሰውም።

ጌጡ እንግዲህ ጀመረ፤ ሳጅን በዳዳም አብሮት ጀመረ፤ ነገሩን ሲከታተሉ የቆዩት ባለ ባጃጆችም ተቀበሏቸው። ትርሲት እትዬ ካልመጣች አልቀመጥም አለች፤ ማህደር ሙሽራዋ ካልተቀመጠች አልሰጥም አለች፤ ጋሽ ናስር መጋረጃው ሳይሰቀል አልወርድም አሉ፤ ሰብስቤ ያለ መሰላል አልወጣም አለ፤ መብራቱ ካልነኩኝ አልለወጥም አለ፤ መኪናዋ ቀይ እያየሁ አልሄድም አለች፤ እትዬ አጸደ መኪናዋ ካልሄደች አልመጣም አሉ፤ ትርሲት ደግሞ እትዬ ካልመጣች አልቀመጥም አለች፤ ማህደር ደግሞ... እዚህ ላይ ጌጡ የጀመረበት ቦታ መመለሱን አወቀና ዝም አለ። ባለ ባጃጆቹ ግን ሳያውቁት አንድ ዙር ጨምረው ነው የቆሙት።

እትዬ አጸደ መማረር ሲገባቸው ደስ አላቸው።  ጓዳ ውስጥ ለብሳ የቆመችው ልጅ፣ ሰው ሁሉ ሲለምናት እሳቸውን ብቻ የምትጠብቀው ልጅ፣ የእሳቸው ናት። ይህንን ለማወቅ እግር መሰበር ካለበት ሌላኛውም ይሰበር አሉ በሆዳቸው።

ወዲያው ጥሩምባ ተሰማ። ከላይኛው መንገድ፣ ከድንኳኑ ማዶ በኩል፣ የሰርገኛ መኪኖች ጥሩምባ እየተቀባበለ መጣ። ሙሽራው ከሰዓቱ ቀድሞ ደርሷል።

የእትዬ አጸደ ደስታ ባንዴ ወደ ጭንቀት ዞረ። ሙሽራው ደጅ ላይ ሊቆም ነው። ሽማግሌዎቹ ሙሽራዋ አልወጣም አለች ሊባሉ ነው። ለምን ቢሉ ምን ተብሎ ይነገራል? መኪና ቀይ አይታ? የሚያምን የለም፤ ልጅቷ ሳትወድ ነው የምትዳረው ይላሉ እንጂ። የሐዋሳ መንገድም ሩቅ ነው። ደግሞም ሙሽራው ደግ ልጅ ነው፤ ሆስፒታል ሦስት ጊዜ መጥቶ ጠይቋቸዋል፤ ፀሐይ ላይ ሊገተር አይገባውም። እትዬ አጸደ ጀሶአቸውን አዩት፤ ድንኳኑን አዩት። ከዚያ የነጠላቸውን ጥለት እያሻሹ ወንድማቸውን ጠሩት።

«ሂድና ተቀመጪ በላት» አሉ። «እትዬ ከዚህ ሆና መርቃሻለች፣ ቅር አላላትም በላት። በእኔ ምክንያት ደጃችን ላይ ማንም ቆሞ እንዳይጠብቅ።»

ጌጡ እትዬ ብሎ ሊከራከር ጀመረ። ሂድ አልኩህ አሉት። ድምፃቸው ስለተሰበረ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሳጅን በዳዳም ፊቱን ወደ መብራቱ አዞረ።

ጌጡ ሄደ። ድንኳኑ ዋጠው። ሙዚቃው ቆመ። እትዬ አጸደ ልጅቷ አሁን እየተቀመጠች ነው ብለው አሰቡ። አሁን ማህደር ትለካታለች፤ አሁን መጋረጃው ይሰቀላል፤ አሁን ሙሽራው ይገባል። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሲገልጡት ከድንኳኑ አንድ ነጭ ነገር ወጥቶ ቁልቁል ይመጣል። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ዘውዷ ወደ አንድ ጎን ተዘንብሎ፣ ትርሲት በመሀል መንገድ እየመጣች ነበር። ሙሽራ ሙሽራው ሳያወጣት ደጅ ስትወጣ አዳማ አይቶ አያውቅም። ሚዜዎቿ ኧረ ነውር ነው እያሉ ይከተሏታል። ከእነሱ ኋላ ማህደር አለች፤ መርፌዋ በአፏ፣ መጋረጃው በትከሻዋ፣ እንዳይጎተት አንዱን ጫፍ ጌጡ ይዞላታል። ከማህደር ኋላ ጋሽ ናስር አሉ፤ መጋረጃው ራሱ ጥሎኝ ከሄደ ብረት ደግፌ የምቆመው ለማን ነው ብለው ብረቱን መሬት አስቀምጠው ወርደዋል፤ በአደራ የተዋሱትን መሰላል ሰርገኛ መሀል ጥለው አይሄዱምና ተሸክመውት ይመጣሉ።

ይህቺ ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ እዚህ መስቀለኛ ላይ መብራት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት እጇን ይዘው ያሻግሯት የነበሩት እትዬ አጸደ ናቸው። አሁን ግራ ቀኟን ሳታይ መንገዱን አቋርጣ በሩን ከፈተች።

«እትዬ፣ ምርቃት በመልእክተኛ ይላካል እንዴ?» አለች ትርሲት።

እትዬ አጸደ ሊቆጧት አስበው ነበር። እንዴት ይቆጡ፤ አፋቸውም ዓይናቸውም አልታዘዝ አላቸው። ትርሲት ጀሶውን በሁለት እጇ ከፍ አደረገች፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ ገባች፣ እግራቸውን ነጩ ቀሚሷ ላይ አሳረፈችና ከልጅነቷ እንደምታደርገው ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ተቀመጠች። ይህን ያየችው ማህደር ናት። ወዲያው ጭንቅላቷን በመስኮቱ አስገብታ ከወንበሩ እስከ ዘውዱ ለካች፤ አንድ ጋት ጨመረችና ምልክት አድርጋ ሰፋች። ትርሲት ስትቀመጥ ማህደር ለካች፤ ማህደር ስትለካ መጋረጃውን ለጋሽ ናስር ሰጠች፤ ጋሽ ናስር መጋረጃውን ሲይዙ መሰላሉን ከትከሻቸው አወረዱ፤ መሰላሉ ሲወርድ ሰብስቤ አቆመውና ወጣ፤ ሰብስቤ ሲወጣ ሳጥኑ ተከፈተ፤ ሳጥኑ ሲከፈት መብራቱ ተነካ፤ መብራቱ ሲነካ ጠፋ፣ ብልጭ አለ፣ አረንጓዴ ሆነ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ያቺ የመኪናዋ ሴት በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገረች። ጌጡ ዘሎ ገባ፤ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ነካ፤ መኪናዋም ሄደች።

ሳጅን በዳዳ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ በእጁ እለፊ አላት። ለክብሩ ነው።

ሄደች ስል ግን በረረች አላልኩም። ከፊቷ ሰው ሞልቷል፤ ሚዜ አለ፣ ባለ ባጃጅ አለ፣ መሰላል የተሸከመ ሰብስቤ አለ፣ መጋረጃ የተሸከሙ ጋሽ ናስር አሉ። መኪናዋ ሰው ስታይ ትቆማለች፤ ሲራመዱ ትራመዳለች። ሰዎቹ ይህን ሲያውቁ ጨፈሩላት። ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ቆም፣ እስክስታ፣ ደግሞ ሁለት እርምጃ። ጌጡ መሪውን ይዞ ይስቃል። እትዬ አጸደ እግራቸው ባይነቃነቅ ትከሻቸው አላስቀመጣቸውም።

ደጃቸው ሲደርሱ ነገሩ ሁሉ ተገላብጦ ቆያቸው። ወትሮ ሙሽራው ውጭ ሆኖ የሙሽራዋ ወገን ነው በሩን ዘግቶ የሚያስለምነው። አሁን ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሙሽራዋ በሌለችበት ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፤ ሙሽራዋ ናት ከውጭ የመጣችው። የሙሽራው ሚዜዎች ብልጥ ናቸው፤ ወዲያው ተነሥተው በሩን ዘጉና ምን ትሰጡናላችሁ ማለት ጀመሩ። የሙሽራዋ ሚዜዎች የገዛ ቤታችን ነው ቢሉ ማን ሊሰማቸው። አንዱ ሽማግሌ እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሼ ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ እንጂ ሙሽራው ተቀምጦ ሙሽራዋ ወደ ገዛ ቤቷ ስትገባ አይቼ አላውቅም ነበር ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

በሩን ያስከፈተው ሙሽራው ራሱ ነው። ወጥቶ የመኪናዋን በር ከፈተ፣ እትዬ አጸደን አየ፣ ጀሶውን የሙሽራዋ ጭን ላይ አየ፣ ምንም ሳይጠይቅ አቧራው ላይ ተንበረከከ። ትርሲትም በዚያኛው በር ወርዳ ዞራ መጣችና አጠገቡ ተንበረከከች። ደኅነኛውን ጉልበት ሙሽራው ሳመ። ጀሶውን ትርሲት ሳመች።

እትዬ አጸደ አሥሩን ቀን ሆስፒታል ተኝተው ረጅም ምርቃት አዘጋጅተው ነበር። ወልዳችሁ ሳሙ አለበት፣ ከብራችሁ ኑሩ አለበት፣ ሌላም ሌላም አለበት። አሁን ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲጠብቃቸው አንዱም አልመጣላቸውም። ከጠዋት ጀምሮ አልሄድም፣ አልወጣም፣ አልወርድም፣ አልቀመጥም ሲሰሙ ነው የዋሉት። ሁለት እጃቸውን የትርሲት ራስ ላይ አደረጉና ትንሽ ቆዩ። እጃቸውን ማንሣት ከብዷቸው ነበር። ከዚያ አነሡት።

«ሂጂ ልጄ» አሉ።

ሰዉ አሜን አለ። ትርሲትም ሄደች።

የእኔ ተረት እዚህ ድረስ ነው። እናንተ ደግሞ ለሌላ ሰው ስትነግሩት አንድም ሳትዘሉ ከትርሲት እስከ መኪናዋ በተራ በሉት፤ ለእኔም ከሰርጉ ዳቦ ቁራሽ ብታስቀሩልኝ አፌን አብስበታለሁ።